ጤፍ የመሰለው ጆንያ

«የትኛው ጆንያ?» አለች ሬሕማ።

«ከአልጋው ስር ያለው ነዋ!» አለች ውዴ፣ እንግዶቹ የጠጡበትን የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች። «ሙባረክ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ያለ ሰርገኛ ጤፍ ደብቆ ኖሯል! ፍሬው ጎላ ማለቱን አይቼ የገዳሪፍ ነው አልኩ። ለሰደቃው ይድረስ ብዬ ቅድም እንዲፈጭ ጣሑና ላክሁት።»

ሬሕማ ከምንጣፉ ላይ ብድግ አለች። ሊያጽናኗት የመጡት ሴቶች ለቅሶው ያገረሸባት መስሏቸው ግራና ቀኝ ክንዷን ያዟት።

«እትዬ ውዴ፣ እሱ ጤፍ አይደለም! የበርሲም ዘር ነው!»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ውዴ፤ ብርጭቆዎቹን እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች።

ጉዱ ደግሞ ይህን ያደረገችው ውዴ መሆኗ ነው። ውዴ የጎንደር ሰው ናት፤ እዚህ በሰው አገር፣ ጀሪፍ ውስጥ ከሬሕማ ቤት አጥር ለአጥር ትኖራለች፤ ላሞች አሏት፣ ወተት ትሸጣለች። ብርድ በገባ ቁጥር ላሞቿ የሚበሉት የሬሕማ ባል ሙባረክ ሲያጭደው የኖረውን በርሲም ነው። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ መነጽር አድርጊ ሲሏት ግን «አሮጊት ያስመስለኛል» ትላለች። እንግዲህ የገዛ ላሞቿን ቀለብ በገዛ እጇ ወፍጮ ቤት ሰደደችው።

ሬሕማ ስልኳን አነሳች። የሙባረክ ታናሽ ወንድም ሳዲቅ ቡሪ ሰፈር በኩል ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይነዳል፤ ለቅሶው ላይ ሲላላክ ሰንብቶ ዛሬ ገና ሥራ መውጣቱ ነበር።

«ሳዲቅ፣ ያለህበትን ተው። ጣሑናው ጋ ሂድ፤ የሙባረክን ዘር ሊፈጩት ነው። ያላ፣ ፍጠን!»

«የምን ዘር?»

«ወንድሜ፣ ስትደርስ ታየዋለህ! በአላህ ፍጠን!»

ራሷ መሮጥ አማራት። ግን ዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን ሳትጨርስ ከደጅ አትወጣም። በሩ ድረስ ሄደችና ጉበኑን ይዛ ቆመች። ከዚያ ሆና ማሳቸው ይታያታል። ሙባረክ ትኩሳቱ ሳይጥለው በፊት ውኃ አጠጥቶት ነበር፤ አፈሩ አሁን ጠጥቶ ጠጥቶ ለዘር ልክ ሆኗል። ጥቂት ቀን ካለፈው የሚደርቅ፣ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው። በርሲም ከተዘራበት በብርዱ ወራት ሁሉ እየታጨደ፣ እየበቀለ፣ እንደገና እየታጨደ ቤቱን ያኖራል። ካልተዘራበት ሬሕማ ዒዳዋን ስትጨርስ እንደ ድሮዋ የሰው ቤት ሥራ ልትፈልግ ነው። እሱንም ካገኘች! ሠርታ የኖረችበት የአል-ጣኢፍ ሰፈር ቤት እንደሆነ በጦርነቱ ጣሪያው እንኳ አልቀረለትም፤ ሰዎቹም የት እንደገቡ አይታወቅም።

ሙባረክ ከወሎ ሲመጣ ጀሪፍ ውስጥ ጡብ ይሠራ ነበር። ኋላ ይህችን ማሳ ከአንድ ሀጅ ላይ በእኩል ይዞ ሣር አብቃይ ሆነ። አንዴ ስለ መሬት ማውራት ከጀመረ ማን ያስቆመዋል! ሙቀቱ ሲበረታ አቡ ሰብዒን፣ ያን ለከብት የሚታጨደውን ማሽላ ይዘራል። ዝናብ ሲመጣ አደንጓሬ የሚመስለውን ሉብያ፣ ብርድ ሲገባ በርሲም። «መሬት እንደ ሰው ነው፣ አንድ ወጥ ይሰለቸዋል» ይላል። ጎረቤቶቹ በማሽላ ላይ ማሽላ እየዘሩ ሲስቁበት ኖሩ፤ በኋላ የእነሱ ማሽላ አቀንጭራ ወጥቶበት ገርጥቶ ሲቀር፣ ሙባረክ ለመሳቅ እንኳ አልታደለም። አዝኖላቸው የሉብያ ዘር ይሰጣቸው ነበር፣ ሞኙ!

ለዘር የሚሆነውን በርሲም ሳያጭድ አበባው እስኪደርቅ የሚተወው አንድ ጥግ ነበረው። ጦርነቱ ሲመጣ ሬሕማ ልብስና ድስት ስትሸክፍ እሱ ያን ዘር በጆንያ ተሸክሞ ወጣ። የመዳኒ መንገድ ላይ አንድ ወታደር ወርቅ የተደበቀ መስሎት እጁን እስከ ክንዱ ጆንያው ውስጥ ከተተው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የላም ቁርስ» አለ ሙባረክ።

ወታደሩ ስቆ አሳለፋቸው። ሬሕማ ግን በንዴት መዳኒ እስኪደርሱ አላነጋገረችውም፤ ለጆንያው ቦታ ብሎ ፍራሿን አስጥሏታላ! ሲመለሱ ቤቱ እስከ በሩ መዝጊያ ተዘርፎ አገኙት። ያላቸው ያ ጆንያ ብቻ ነበር። ሙባረክ ባዶው ክፍል መሀል አስቀመጠውና ተቀመጠበት፤ «ይኸው ሶፋሽ» አላት። ያን ቀን እንደሳቀችው ስቃ አታውቅም።

የረክሻው ድምፅ ተሰማ። ሳዲቅ ጆንያውን ይዞ ገባ፤ ጎድሏል። በሌላ እጁ ፌስታል አንጠልጥሏል፤ ዱቄት ነው።

«ግማሹን ፈጭቶት ደረስኩ» አለ። «ዱቄቱ ሣር ሣር ሲሸተው ሰውየው ራሱ ተጠራጥሮ አቁሞት ነበር።»

ውዴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ምነው ይህን ዓይኔን ባወጣው!»

«እትዬ ውዴ፣ ይብቃሽ። ለሰው ልታበይ ብለሽ ነው» አለች ሬሕማ።

ሳዲቅ ጆንያውን በእግሩ ነካ አደረገው። «ግማሽ ዘር ምን ያደርጋል? ኸላስ፣ በቃ አቡ ሰብዒን እንዝራበት። ዘሩ እንደሆነ ሱቅ ሞልቷል።»

«በዚህ ብርድ? ከጉልበትህ በላይ ላያድግ! ደግሞ መሬቱ ዘንድሮ በሙቀቱ ማሽላ ይዞ ነበር።»

«ማሽላ ማሽላ ነው፣ ሬሕማ።»

«ወንድምህ ይህን ቢሰማህ!»

ሳዲቅ ወደ ጆንያው አቀረቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ በርሲም ዘርቼ አላውቅም» አለ። ለካስ ነገሩ ይሄ ኖሯል።

ሬሕማ ጆንያውን ወደ ግቢው ጎተተችው። ከጡቡ ክምር አጠገብ ደቃቅ አሸዋ ነበር፤ በሳህን እየዛቀች ከዘሩ ጋር ቀላቀለችው። «ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ብቻውን ከበተንከው አንድ ቦታ ይከመራል። አሸዋው ያዘረጋልሃል። እጅህን እንዲህ፣ ከወገብህ ዘወር እያልክ።» ባዶ አሸዋ አፍሳ ግቢውን በተነችበት። ሳዲቅም አፍሶ በተነ። «ለዶሮ ነው የምትሰጠው? ዘርጋው!» አለችው።

አዲስ የመጡ ለቀስተኞች በር ላይ ቆመው ቀሩ። «በስመአብ! ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ» ስትል አንዷ ሬሕማ ሰማቻት፤ ጆንያውን አንስታ ለሳዲቅ አሸከመችው።

ሳዲቅ ወደ ማሳው ሄደ። ውዴም ተከትላው ሄደች፤ «ዓይኔ ባያይ እጄ ይሠራል» ብላ፣ ዘሩን በመንሽ አፈር ለማልበስ። ሬሕማ እንግዶቹን አስቀመጠች፣ ሻይ ቀዳች፣ ስለ ሙባረክ ሲጠይቋት መለሰች። በመሀል በመሀል ብድግ እያለች ጉበኑ ላይ ትቆማለች። ሳዲቅ ማሳው ላይ ከወገቡ ዘወር፣ ዘወር ሲል ትከሻው ቁርጥ ወንድሙን መስሎ ታያት፤ ያኔ አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ከቀብሩ ቀን ይልቅ አብዝታ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ተመለሱ። «ዘሩ ተዳርሷል» አለ ሳዲቅ። «አሸዋው አዳነን። ቦዩ ዳር አንዲት ጥግ ብቻ ቀረች። እሷን ተያት።»

ሬሕማ ጓዳ ገባች። ሴቶቹ ለሰደቃ ይሰጥ ብለው የሙባረክን ልብስ አጥፈው አስቀምጠዋል። ከላይ ያለው ትኩሳቱ የጀመረው ቀን ለብሶት ዘር ሲያበጥር የዋለው ጀላቢያ ነበር። እሷ ናት ሁልጊዜ የምታጥብለት፤ ሳታጥብ በፊት ኪሱን ገልብጣ ቆሻሻው ላይ ታራግፋለች፣ «አልጋዬን እርሻ አደረግኸው!» እያለች ትጮህበታለች። እሱ ይስቃል።

ጀላቢያውን ይዛ ወጣች። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ኪሱን ገለበጠች። ዘሩ ወረደ። በስፌቱ የተያዘውን ደግሞ በጥፍሯ እየጫረች አወጣችው፤ ከሁለተኛውም ኪስ እንዲሁ። አንድ ጭብጥ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ ለሳዲቅ አቀረበችለት።

«ይሄ እኮ አይበቃም፣ ሬሕማ። አንዲት እርምጃ ቢሸፍን ነው።»

«እሷኑ ሸፍናት።»

ሳዲቅ በሁለት እጁ ተቀበላትና ወደ ቦዩ ሄደ። ሬሕማ ሁለቱን ኪሶች አንድ በአንድ ወደ ውስጥ መለሰች፣ ጀላቢያውን በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አጠፈችና ለሰደቃ ከተቀመጡት ልብሶች ላይ መልሳ አኖረችው።