በእድር ድንኳን ወደ ማርሳቢት

የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ዕድሜዬም ሰባ ሁለት ዓመት ከአራት ወር። በዚያ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ላፍቶ በሚገኘው ቤቴ ደጃፍ ለእኔ ተለቀሰ። ልቅሶዬን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው አስረዳለሁ።

ፈየራ እባላለሁ። አባቴ ጤፍና ሽምብራ ያመርትበት የነበረው መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ እኔ በቀረችን ቁራሽ ግቢ እስካሁን አለሁ። ዘመኔን ያሳለፍኩት ንፋስ ስልክ በነበረ አንድ የጭነት መኪኖች ማደሪያ በጥበቃ ሥራ ነው። ፊደል የለየሁትም እዚያው በር ላይ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሾፌሮች ሲወጡ በሚያስረክቡኝ ወረቀት ላይ የሚሄዱበት ከተማ ይጻፋል። ስሙን ከአፋቸው እሰማና ከፊደሉ ጋር አስተያየዋለሁ። ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ፣ ማርሳቢት። መጽሐፍ ከመግለጤ በፊት ያነበብኩት እነዚህን ነው፤ አንዳቸውንም ግን በዓይኔ አላየሁም። ማርሳቢት በኬንያ በኩል ነው። ሾፌሮቹ እንደሚሉት ቀኑን ሙሉ በረሃ ከተነዳ በኋላ ደን የለበሰ ተራራ ብቅ ይላል፤ ጠዋት ጠዋትም ጉም ይወርድበታል። በበረሃ መካከል ጉም እንዴት ይኖራል እያልኩ ሠላሳ ዓመት አሰብኩ።

ባለቤቴ ወርቄ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። አንድ ልጃችን ገዲሴ ለቡ መብራት ኃይል መድኃኒት ቤት አላት። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምበላውንም፣ የምተኛበትንም ሰዓት፣ ከማን ጋር ወዴት እንደምሄድም የምትወስነው እሷ ሆነች። በፍቅር ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው በመጨረሻ ራሱ ተጠባቂ ሲሆን ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ማርሳቢትን በዓይኔ ለማየት ቆረጥኩ፤ አብረውኝ የሚሄዱት ሁለት ነበሩ። አንዱ አምሐ ነው፤ በዚያው በመኪኖች ማደሪያ መካኒክ የነበረ የወላይታ ሰው፣ ጴንጤ፣ ሞተር ሲፈታ መዝሙር የሚዘምር፣ ሲገጥም የሚጸልይ። ሁለተኛው ሰዒድ ነው፤ መካኒሳ አቦ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ። አምሐ ከአንድ የተዘጋ ፋብሪካ ጨረታ ሦስት ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ገዛ። ሃምሳ ሲሲ ናቸው፤ እንደ ብስክሌት ፔዳልም አላቸው። ድምፃቸው የወፍጮ፣ ፍጥነታቸው የአህያ ነው። ሰሌዳ፣ ኢንሹራንስና የድንበር ወረቀት ለማውጣት አራት ወር ተመላለስን።

ዕቅዱን የነደፍነው በሰዒድ ሱቅ፣ ልብስ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። በቀን ዘጠና ኪሎ ሜትር ብንሄድ በዘጠኝ ቀን ሞያሌ፣ በሦስት ቀን ደግሞ ማርሳቢት። ስንመለስ በጭነት መኪና።

«አልጋ የሚባል ነገር የለም» አለ ሰዒድ። «አልጋ ያማረው አውቶቡስ ይሳፈር። የምናድረው ሜዳ ላይ ነው።»

«ምግቡስ?» አልኩ። «እኔ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። አንተ እኛ ያረድነውን አትበላም፤ እኔም አንተ ያረድከውን አልበላም።»

«እኔ ጌታ ይመስገን ሁሉን እበላለሁ» አለ አምሐ።

«አንተማ ጎማም ትበላለህ» አለ ሰዒድ። «ስለዚህ በሶ ነው። በሶ ሃይማኖት የለውም።»

በሶ ተብሎ ተጻፈ። ቋንቋው ለእኔ ተተወ፤ ኦሮምኛ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይነገራልና።

የቀረው ድንኳን ነበር። በሱቅ የሚሸጠውን የቱሪስት ድንኳን ዋጋ ጠይቀን ዝም ብለን ወጣን። ያን ጊዜ የእድራችን አሮጌ ድንኳን ትዝ አለኝ። የእድሩ ንብረት ያዥ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አዲስ ከተገዛ በኋላ አሮጌው እንዲወገድ ተወስኖ ነበር። በማመልከቻ ጠየቅሁ፣ የተገመተውን ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ።

አምሐ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። «ፈየራ፣ የልቅሶ ድንኳን ውስጥ ልታስተኛኝ ነው?»

«የሞተ ሰው አልተኛበትም። የተቀመጡበት ደህና ሰዎች ናቸው። ካርታ ሲጫወቱ አድረውበታል። አንተም ተጫውተህበታል።»

«እሱስ ልክ ነው» አለ። «እንዲያውም ተበልቼበታለሁ።»

ሰዒድ ያረጀውን ቆርጦ ጥሎ ለሦስት ሰው የሚሆን ድንኳን ሰፋ። ደህናው ሸራ ግን የእድሩ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት ወገን ሆነ። ስሙን ለማጥፋት ቀለም መግዛት ነበረብን፤ ተውነው።

መነሻችን ሰኞ የካቲት 11 ተቆረጠ። ማዘግየት አይቻልም ነበር፤ በዚያ ዓመት የእኔ ዐቢይ ጾምና የሰዒድ ረመዳን በመጋቢት መጀመሪያ በአንድ ሰሞን ይገባሉ፤ ከዚያ ቀጥሎ ዝናቡ ነው። «ለከርሞ» የሚለው ቃል ደግሞ በእኛ ዕድሜ አይታመንም።

ገዲሴ የሰማችው ሐሙስ ዕለት ነው። ዓርብ ማለዳ ሳጥኔን ብከፍት ፓስፖርቴ የለም። ወዲያው ስልክ ተደወለ።

«አባዬ፣ ፓስፖርቱ እኔ ጋ ነው፤ አትልፋ።»

«መልሺው።»

«አልመልስም። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው በፔዳል ኬንያ ሄደ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ከዚህ በኋላ ይሰማል።»

«ስኳርህስ? ሽፍታ ቢይዝህስ?»

«ስኳሬን ይዤው እሄዳለሁ። ሽፍታውም ሞተሩን ሲያይ የሚያዝንልን ይመስለኛል።»

«ትቀልዳለህ?»

«ቀልድ አላውቅም፤ ታውቂያለሽ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። በልጄ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፓስፖርት ባይኖርም ዝግጅቱን አላቋረጥኩም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ድንኳኑን ለመሞከር ተሰበሰብን። ግቢዬ በተከራዮች ልብስና በሦስቱ ሞተሮች ተሞልቶ ስለነበር ከበሩ ውጭ፣ በኮብልስቶኑ ዳር ተከልነው። እዚህ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች የማይገባ ስህተት ሠራን። በእኛ ሰፈር የእድር ድንኳን በሰው ደጃፍ ሲታይ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ሦስታችንም ይህን እናውቃለን፤ ለእኛ ግን ያ ሸራ የልቅሶ ድንኳን መሆኑ ካበቃ ሰንብቷል። ለመንደሩ ይህን የነገረው አልነበረም።

ሰዒድ ርዝመቱን እንዲለካ እኔ ውስጥ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ድንኳኑ አጠረ፤ ሁለት እግሮቼ ወደ ውጭ ቀሩ። አምሐ የጠፋች ብሎን ለመፈለግ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቷል። ጎረቤቴ አምሳለ ከገበያ ስትመለስ ያየችው ይህን ነው፤ የእድሩን ስም፣ ያቀረቀረውን አምሐንና የተዘረጉ እግሮቼን።

«ወይኔ! ወይኔ ጋሼ ፈየራ! ሳትታመም! ጠዋት ሰላም ብለኸኝ!»

ጩኸቷ ሰፈሩን አነቃነቀ። በሮች ተከፈቱ፤ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። አምሐ ግራ ገብቶት ማን እንደሞተ ይጠይቅ ጀመር። አንዱ ለገዲሴ ደወለ። እኔ ወዲያው መነሣት ነበረብኝ፤ ጥቂት እንዳዳመጥኩ ግን እናዘዛለሁ። አንዲት ሴት «ደግ ሰው ነበር» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ግትርነቱ ነው እንጂ» አለች።

በዚህ ጊዜ ተነሥቼ ወጣሁ። አምሳለ የያዘችውን ቲማቲም በትና ሸሸች። ድንጋጤው ሲያልፍ ቁጣው ተተካ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ቦና፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንት፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው መጡ።

«ፈየራ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ድንኳን ነው፣ ጋሽ ቦና። እርስዎ በፈረሙበት ደረሰኝ የገዛሁት።»

«የልቅሶ ድንኳን ያለ ልቅሶ ይተከላል? ሟርት ነው! መተዳደሪያ ደንቡ…»

«ደንቡን በእጄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ያለ ሞት ጥሩምባ ያስነፋ ይቀጣል ይላል። እኔ አላስነፋሁም። አምሳለ በራሷ ነው የነፋችው።»

ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ጋሽ ቦና አልሳቁም።

«ሰኞ ወደ ኬንያ ትሄዳለህ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እድሩ ከአገር ውጭ የሞተ አባል ሬሳ አያመጣም። እሱንም ገልብጠኸዋል።»

«አንቀጽ አሥራ አራት። አያምጣ። ማርሳቢትም አፈር አለ።»

በዚህ መካከል አንድ ባጃጅ ቆመና ገዲሴ ወረደች። አንድ ጫማዋ በእግሯ አልነበረም። ቆሜ ስታየኝ መጣችና በሁለት እጇ ደረቴን መታችኝ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሸሚዜን ይዛ አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ያፈርኩበት ጊዜ የለም። እንቢታዬ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«አየኸው?» አለች። «ምን እንደምሆን አየኸው?»

«አየሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ። አንቺም አየሽው። ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ደርሷል፣ አልቅሰሻል። የምትፈሪው ቀን ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ብሄድም ብቀርም ይመጣል። ዛሬ ግን ቆሜያለሁ። ቆሜ ሳለሁ አትቅበሪኝ።»

«አባዬ፣ ሰው ፊት…»

«ሰው ፊት ነው የምናገረው። ሰኞ እሄዳለሁ። ፓስፖርቱን ከከለከልሽኝ ሞያሌ ድንበሩ ላይ ድንኳኔን ተክዬ እቀመጣለሁ። አምሐና ሰዒድ ተሻግረው ይመለሳሉ፤ እኔ እጠብቃቸዋለሁ። በር ላይ መቀመጥ ሥራዬ ነበር። ማን አስቀመጠህ ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ስምሽን እነግረዋለሁ።»

ባጃጁ ውስጥ ገብታ ሄደች። ሰውም ተበተነ። ጋሽ ቦና ብቻ ወደ ኋላ ቀሩና የድንኳኑን ጠርዝ በጣታቸው ፈተኑት። «ስፌቱ ጠንካራ ነው» አሉና ሄዱ።

እሑድ ወደ ማታ ገዲሴ መጣች። ፓስፖርቱን ይዛለች፤ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀትም ይዛለች።

«ፈርምልኝና ውሰደው» አለች።

አነበብኩት፤ በዝግታ ነው የማነበው። በየሦስት ሰዓቱ እንድደውል ይላል። ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት እንዳልነዳ ይላል። ሐዋሳ ስደርስ ሐኪም አይቶኝ ካልፈቀደ እንድመለስ ይላል።

«አልፈርምም።»

«አንዱን እንኳ?»

«አንዱንም። እደውልልሻለሁ። የምደውለው አባትሽ ስለሆንኩ ነው፤ ስለፈረምኩ አይደለም። የፈረመ አባት ከፈለግሽ ሌላ ፈልጊ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። የእናቷ ዓይን ነበር፤ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችና ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከቦርሳዋ የስኳር መድኃኒቴን አውጥታ ደረበችበት።

«የሠላሳ ቀን ነው» አለች። «ጉዞህ ሃያ ቀን አይሞላም። ትርፉ ለግትርነትህ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«አልሸኝህም።»

«አትሸኚኝ።»

እንዳለችውም አልሸኘችኝም። ሰኞ ማለዳ ሞተሮቹን በአይሱዙ ጫንን፤ በከተማው ውስጥ ለመንዳት ልዩ ፈቃድ ይጠየቅ ነበርና። ዱከም ላይ አውርደን አስነሣናቸው። አምሐ ጸለየ፤ ሰዒድ ዱዓ አደረገ፤ እኔ አማተብኩ። የካቲት 22 ቀን፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ በሞያሌ ኬላ የኬንያ ማኅተም በፓስፖርቴ ላይ አረፈ። የኬላው ሠራተኛ በኦሮምኛ «አባባ፣ የጉዞዎ ዓላማ ምንድን ነው?» አለኝ። «ማየት» አልኩት።

ይህን የምጽፈው ከሁለት ዓመት በኋላ በመሆኑ የሳትኩት ሊኖር ይችላል። ገዲሴ ፓስፖርቱን የሰጠሁህ ሰኞ ማለዳ ነው ትላለች፤ እኔ እሑድ ማታ ይመስለኛል። አምሳለ የጮኽኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ብላ ትምላለች። ጋሽ ቦና አሥራ አራት ያልኩት አንቀጽ ቁጥሩ አሥራ ስድስት ነው ይሉኛል፤ ደንቡ እጄ ላይ ስለሌለ አልተከራከርኩም። ለምኜ ተፈቅዶልኝ የሄድኩ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ እሱን አልቀበልም። ከዚያ በቀር ግን ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ በዚያ ቅዳሜ ደጃፌ ማን ምን እንዳለም ከእኔ አሳምራችሁ የምታስታውሱ አርሙኝ፤ ላፍቶ ፈየራ ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴን የማያሳያችሁ የለም።