ሁለት መቶ አረንጓዴ

ቃጭል የሚለውን ስም ያወጡላት አክስቷ ናቸው። ገና በአራት ዓመቷ፣ ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ አንዱን ደንበኛ «ሆድህ ከሜትሩ አለፈ» ብላ ካሳፈረችው ቀን ጀምሮ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው የትምህርት ቤት መዝገብ ብቻ ነው። አሁን አሥራ ሰባት ሊሞላት ነው፤ ምላሷ ግን አንድም ቀን አልደከመም።

እኚህ አክስት የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው። ቤተሰቡም ሠራተኛውም «እትዬ» ይላቸዋል። የስፌት ቤቱ ባለቤትም፣ ቆራጭም፣ ዳኛም እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በላዩ አሻግረው ሲያዩት፣ ምንም ያላጠፋ ሰው እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመቀስ ሲቆርጡ ኖረው፣ አምና በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ገባላቸው። ማሽኑ ግን ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ከሚባሉ ሦስት ልኮች ሌላ አያውቅም። «ሰው ሦስት ዓይነት ብቻ ነው ያለው ማነው?» ብለው አኮረፉት።

ኩርፊያውን ሊያበርድ የተነሳው የቃጭል ወንድም ነው። ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ እትዬ «ኢንጂነሩ» ይሉታል። ስምንት ወር ተቀምጦ ለማሽኑ አዲስ ላይብረሪ ጻፈለት። የደረት፣ የትከሻና የክንድ ልክ ሲሰጡት፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ስንት መሆን እንዳለበት አስልቶ ለማሽኑ የሚነግር ነገር ነው። ችግሩ፣ ላይብረሪው አንዴ ኮምፓይል ከተደረገ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ቋንቋ ከተለወጠ በኋላ ገበር ገብቶለት እንደተሰፋ ኮት ይሆናል፤ ሆዱን ገልጦ ማየት የለም። ልክ ትሰጠዋለህ፣ መልስ ይሰጥሃል፣ አለቀ። ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ደጋግሞ በመጠየቅ ብቻ ነው።

ጠያቂዋ ቃጭል ሆነች። በመጠየቅ ማን ይበልጣታል?

ስክሪፕት የሚባለውን አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ ያስተማራት ያው ወንድሟ ነው። እሷም የእትዬን የልክ ደብተር አስፈቅዳ ወሰደች። በደብተሩ ግራ ገጽ የደንበኛው ልክ፣ በቀኝ ገጽ ደግሞ እትዬ በእጃቸው የቆረጡት የእያንዳንዱ ቁራጭ ስፋት ተጽፏል። የሁለት መቶ ሰው ልክ አስገባች። ስክሪፕቷ የግራውን ገጽ ለላይብረሪው ይሰጣል፣ መልሱን ከቀኙ ገጽ ጋር ያመሳክራል፣ ከገጠመ አረንጓዴ፣ ካልገጠመ ቀይ መስመር ይጽፋል። ሰው ቢሠራው ሳምንት የሚፈጅ፣ ለሱ የአንድ ማስነጠስ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለስልሳ አራት ነርሶች ጋዋን ነው። ሰማያዊው ጨርቅ ጠረጴዛው ዳር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሻጩ ከዚህ ቀለም ሌላ እንደሌለውና እንደማያመጣም ተናግሯል። ጠዋት ላይ እትዬ ቃጭልን ፊታቸው አቆሟትና፣

«ስሚ» አሏት። «ከምሳ በፊት አንቺ ራስሽ ‹ይዘርጉት› ካልሽኝ ጨርቁን ማሽኑ ላይ እዘረጋለሁ። ካላልሽኝ መቀሴን አነሳለሁ፣ የወንድምሽም ላይብረሪ ወደ መጣበት ይሄዳል። ብለሽኝ ከተበላሸ ግን ሌላ ጨርቅ የለም። ነርሶቹን የማለብሳቸው ያንቺን ምላስ ነው።»

«ለስልሳ አራት ሰው ይበቃል» አለ ጥግ ላይ ካለው የስፌት መኪና ጀርባ ልብስ ሰፊው። ሃያ ዓመት እዚያው ጥግ የተቀመጠ፣ ከክሩ ይልቅ ነገር የሚስብ ሰው ነው። «ለኮሌታም ይተርፋል።»

አራት ሰዓት ላይ ቃጭል ስክሪፕቱን አስነሳችው። መስመሮቹ እየተንደረደሩ ወረዱ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። መጨረሻ ላይ «200 አልፈዋል፣ 0 ወድቀዋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«እልልል!» ብላ ከወንበሯ ዘለለች። ወንድሟ እጇን ይዞ በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምሩ ላይ አሽከረከራት። ሰፊው እንኳ መኪናውን አቁሞ አጨበጨበ። እትዬ ብቻ ካሉበት አልተነቃነቁም።

«ሁሉንም እሺ አለ?»

«ሁሉንም፣ እትዬ! አንድም አልቀረ!»

«እምቢ ብሎ ያውቃል?»

«ማን?»

«ይሄ ስክሪፕት የምትዪው። እምቢ ሲል አይተሽው ታውቂያለሽ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ጊዜ አንዲት ልብስ ተኳሽ ነበረችኝ። የጠየቅኳትን ሁሉ ‹እሺ፣ እትዬ› ነው። ካውያውን አጥፍተሻል? ‹እሺ፣ እትዬ።› መስኮቱን ዘግተሻል? ‹እሺ፣ እትዬ።› የመተኮሻ ጠረጴዛዬ እግሩ ብቻ ነው የተረፈኝ።»

ወንድሟ ሳቀና የማሽኑን ገመድ ለማስተካከል ወደ ኋላ ክፍል ሄደ። ቃጭል ግን ደሟ ፈላ። ሁለት ሳምንት ዓይኗ እስኪቀላ የለፋችበትን ሥራ ከአንዲት ተኳሽ ጋር! ቆይ፣ አሳያቸዋለሁ አለች። ላይብረሪውን ካለበት ፎልደር ነቅላ ፍላሽ ላይ ደበቀችው። አሁን ስክሪፕቱ የሚጠይቀው ስለማያገኝ ከላይ እስከ ታች ቀይ ይሆናል፤ እትዬም እምቢታን በዓይናቸው ያዩታል።

አስነሳችው።

አረንጓዴ። አረንጓዴ። አረንጓዴ። «200 አልፈዋል፣ 0 ወድቀዋል።»

ፍላሹን አየች። ስክሪኑን አየች። ላይብረሪው እጇ ላይ ነው፤ ስክሪፕቱ ግን ሁለት መቶ ጊዜ ከእሱ ጋር ተነጋግሬ መጣሁ ይላል። ያየ ሰው የለም። እትዬ ጨርቅ ላይ የሚያሰምሩበትን ጠመኔ እየሞረዱ ነው፣ ወንድሟ የለም፣ ሰፊው ክር እያስገባ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ፋይሉን ቦታው መልሳ «ይዘርጉት» ብትልስ? ምናልባት እኮ ላይብረሪው ልክ ነው። ዝምታ ግን ለቃጭል በልኳ ያልተሰፋ ልብስ ነው፣ ወዲያው ጠበባት።

«እትዬ» አለች። «ልክ ነዎት። እሺ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ሰፊው የጨፈነውን ዓይን ከፈተ። «ምን አለች? ቃጭል ናት ‹ልክ ነዎት› ያለችው?»

«አንተ ክርህን አስገባ» አሉት እትዬ። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። «በይ፣ የት ጋ ነው የዋሸው?»

ቃጭል የራሷን ስክሪፕት ከላይ ጀምራ አነበበች። እፍረቷን ያገኘችው አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ላይብረሪው ገና ሳያልቅ፣ በየደቂቃው እየተበላሸ ስክሪፕቷን መሃል መንገድ ላይ ያስቆምባት ነበር። ሰልችቷት «ችግር ከገጠመህ ዝም ብለህ እለፍ» የሚል ትእዛዝ ጻፈች። ቅሬታ ያላሰማ ሁሉ ደግሞ እንዳለፈ ይቆጠራል። ሰኞ ዕለት ወንድሟ ላይብረሪውን ወደ ሌላ ፎልደር አዛወረው። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቱ ባዶ ቤት እያንኳኳ፣ መልስ ሲያጣ «ሁሉም ደህና ናቸው» እያለ ይመለሳል።

«ያቺ ተኳሼ ለካ እዚህ ተቀጥራ ኖሯል» አሉ እትዬ። ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ወንበራቸውን ይበልጥ አስጠጉ።

መስመሩን አጠፋችው። ላይብረሪውን መለሰችው፣ አድራሻውንም አስተካከለች። አስነሳችው። ስክሪኑ እንደ ተቀደደ ባንዲራ ተዥጎረጎረ። «103 አልፈዋል፣ 97 ወድቀዋል።»

ወንድሟ ከኋላ ክፍል ሲመለስ ያየው ይህንን ነው። የያዘው ገመድ ከእጁ ወደቀ።

«ምን አደረግሽው?»

«እኔ? እኔማ ጠየቅኩት፤ የመለሰው ያንተው ነው!»

«ስምንት ወር!» ራሱን ያዘ። «ዘጠና ሰባት! በቃ፣ እትዬ፣ መቀሱን ያንሱት።»

እትዬ አልሰሙትም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ቀዮቹን እንደ ዘመድ ዝርዝር እያነበቡ ነው። የደረትን ልክ ሁልጊዜ በሙሉ ቁጥር፣ ያውም ለሁለት የሚካፈለውን ብቻ ነው የሚመዘግቡት። «ሰማንያ ስድስት፣ ቀይ። ዘጠና፣ ቀይ። ዘጠና አራት፣ ቀይ። ዘጠና ሁለት ደህና ናት፤ ዘጠና ስድስትም ደህና።» ቆም አሉ። «ኢንጂነሩ፣ ጋዋን ስንት ቁራጭ ነው?»

«አካሉ አራት፣ እትዬ። ሁለት ፊት፣ ሁለት ኋላ።»

«ዘጠና አራት ለአራት ሲካፈል?»

«ሃያ ሦስት ተኩል።»

«ያንተው ስንት አለ?»

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አየ። «ሃያ ሦስት።»

«ተኩሏን ማን በላት?»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። ላይብረሪው ሲያካፍል ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲይዝ ያዘዘው ራሱ ነው፤ የተረፈችውን ግማሽ እንደ ፍርፋሪ ያራግፋታል።

«ግማሽ ሳንቲ ሜትር እኮ ናት» አለ ሰፊው ሊያጽናናው።

«አራት ቦታ ግማሽ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው» አሉ እትዬ። «ነርሷ በሽተኛ ላንሳ ብላ ጎንበስ ስትል ጀርባዋ ‹ቷ!› ይላል። ያኔ አንተ ሄደህ ታጽናናታለህ።»

ወንድሟ ቁጭ ብሎ አንዲት ቃል ለወጠ። አንዲት! እንደገና ኮምፓይል ተደረገ። ቃጭል አስነሳች። «200 አልፈዋል፣ 0 ወድቀዋል።»

በዚህኛው ማንም አልዘለለም። አረንጓዴው አንዴ አሳፍሯቸዋልና ሦስቱም እንደ ሌባ አዩት።

«አበላሸው» አሉ እትዬ።

«እንዴት፣ እትዬ? ሆን ብዬ?»

«እስከ ዛሬ ሳታስብ አበላሽተኸው የለ? አሁን አስበህ አበላሸው። ኮሌታውን አንድ ሳንቲ ሜትር ቀንስበት።»

አበላሸ። ቃጭል አስነሳች። ሁለት መቶ ቀይ! እትዬ ጭናቸውን መትተው ሳቁ፤ ጥርሳቸው እስከ መንጋጋቸው ታየ። «ወይኔ፣ እምቢ ማለት እንዴት ያምርበታል! አሁን ደግሞ የግራ እጅጌውን ብቻ!» ያንንም ስክሪፕቱ ያዘው። «አሁን ደግሞ ከመቶ በላይ ደረት ላላቸው ብቻ፣ በሩብ ሳንቲ ሜትር!» ሰላሳ አንድ ቀይ ወጣ፤ እትዬ ደብተራቸውን ገልጠው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሰላሳ አንድ ሰው ነው። እንደ ሕፃን «ሌላ! ሌላ!» አሉ።

«እትዬ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው» አለ ወንድሟ እየለመነ።

ያበላሸውን ሁሉ መልሶ አቃንቶ ለመጨረሻ ጊዜ ኮምፓይል አደረገ። ሁለት መቶ አረንጓዴ። እትዬ ተነስተው ጥቅሉን ጨርቅ በሁለት እጃቸው አቀፉና ወደ ቃጭል ዞሩ። ሁሉም ወደ ቃጭል ዞሩ። እሷ ግን መጀመሪያ ላይብረሪውን ነቀለች፣ አስነሳች፣ ቀይ መሆኑን አየች። መለሰች፣ አስነሳች፣ አረንጓዴ መሆኑን አየች።

«ይዘርጉት።»

ጨርቁ ተዘረጋ። ማሽኑ ጉርርር ብሎ ምላጩን አወረደና ሰማያዊውን ጨርቅ እየሰነጠቀ ሄደ። አሁን መመለስ የለም። ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የመጀመሪያው ቁራጭ፣ ደረቷ ዘጠና አራት የሆነች ነርስ ፊት፣ እንደተለየ እትዬ አንስተው ሜትራቸውን ጣሉበት። ለኩ። ገልብጠው እንደገና ለኩ።

«ስንት ሆነ?» አለች ቃጭል።

«እየለካሁ ነው፣ አታቃጭይብኝ።»

«እትዬ፣ ልቤ ልትወጣ ነው!»

እትዬ ቁራጩን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ሜትሩን አንገታቸው ላይ መለሱ። ከዚያ ከመኪናው ጩኸት በላይ፣ ጥግ ድረስ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ሃያ ሦስት» አሉ፤ ወንድሟ ከግድግዳው ሳይዞር ወገቡ እጥፍ አለ፣ «ተኩል!»