ግልባጭ

እኛ ቤት ትናንት አይነሳም። ጠዋት ጠዋት ጥቁር ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ፤ ማን ማንን ነከሰ፣ ማን ማባዛት አቃተው የሚለው ጣጣም አብሮ ይወለወላል። እንዲህ ባይሆን ሦስት ልጅ እያስተማርኩ፣ እያጠብኩ፣ እያበሰልኩ እስካሁን አብጄ ነበር።

የትምህርት ቢሮው ተቆጣጣሪ ግን ትናንትን በማህደር ይዞ መጣ። ትንሿን ልጄን ቤት ማስተማሬን እንድቀጥል የሚፈቅደው እሱ ነው። ካልፈቀደ፣ ዓመት ሙሉ "ድንጋይዋ" እያሉ ከኋላ ወንበር ወዳስቀመጧት ትምህርት ቤት ትመለሳለች።

ገና ሳይቀመጥ ሰሌዳውን አየና "ባዶ ነው" አለ።

"ገና ጠዋት ነው እኮ!" አልኩት።

ከቦርሳው መጽሐፍ አውጥቶ ለልጄ ሰጣት። እሷም ተቀበለችና ገልብጣ ያዘችው፤ ፊደሉ ሁሉ ቁልቁል። ሰውየው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ በእፍረት ፊቴ ጋለ።

"አስተካክለሽ ያዢ እንጂ!" ብዬ ጮህኩባት። አቃናችው። አንድ ፊደል እንኳ ከአፏ አልወጣም፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"በቃ እትዬ፣ አይድከሙ" አለኝና ጠረጴዛው ላይ፣ ከልጄ ፊት ለፊት ቅጹን ዘረጋ። የትምህርት ቤቱን የአምና ማህደር ከጎኑ ከፍቶ ከዚያ ላይ መገልበጥ ጀመረ። ደሜ ፈላ። ፈተናው አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ውጤቱ ግን አምና ተጽፎ አልቋል!

"ጌታዬ፣ የሚጽፉት ስለ ዛሬዋ ልጅ ነው ስለ አምናዋ?"

"እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።"

ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከማዶ እንደተቀመጠች ጣቷን ዘርግታ ቅጹ ላይ አሳረፈች።

"ልጅቷ... ማንበብ... አትችልም" ብላ አነበበች።

እስክሪብቶው ቆመ። እኔም የገባኝ ያኔ ነው። ለሦስቱም ያለን የንባብ መጽሐፍ አንድ ነው፤ ታላላቆቿ ፊደሉ በሚቃናበት በኩል ይቀመጣሉ፣ እሷ ሁልጊዜ ከማዶ። ስታነብ እሰማለሁ እንጂ በየት በኩል እንደምታይ አንድ ቀን ልብ ብዬ አላውቅም። ቁልቁል የተማረችው ለካ እዚሁ አፍንጫዬ ስር ነው! በራሴም ተናደድኩ፤ በሰውየው ግን ይብስ።

ቅጹን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ሊከት ሲል እጄን ጫንኩበት።

"ምነው ጌታዬ፣ ያዩትን አይደል የጻፉት? በሉ ይፈርሙበት!"