አየሩን በተራ ያካፈልን ጊዜ

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሥራዬ ውሃ ማካፈል ነው። በእኛ አገር የውሃ አባት ይሉናል፤ ከወንዝ የተጠለፈው ቦይ መቼ ወደ ማን ማሳ እንደሚዞር የምንቆርጠው እኛ ነን። ጠዋት የአንዱ ከሆነ ከቀትር ወዲያ የሌላው ነው። ተራ የሰረቀ ሰው ደግሞ፣ ልጆቼ፣ እዚህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሠርግ ቢጠራ እንኳ አጠገቡ የሚቀመጥ አያገኝም። የሬዲዮኑንም ጠብ ወደ እኔ ያመጡት ለዚሁ ነው።

የዓሣ አስጋሪዎች ማህበራችን ለጀልባዎቹ የእጅ መገናኛ ሬዲዮ አገኘ። ሐይቁ ነፋስ ሲነሳበት አመሉ አይታወቅም፤ ስልኩም ከውሃው መሀል ሲፈልግ ይይዛል፣ ሲፈልግ ይተዋል። የልጄ የሂዳያ ባል ባድሩ አንዱን በላስቲክ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መውጣት ጀመረ። አንዱ ዳር ላይ እኛ ዘንድ ይቀመጣል። ሂዳያም እፎይ አለች።

መስከረም ሲጠባ ግን የአምባሰል ሰዎች ለግሸን ተጓዦች አውቶቡስ የሚያሰማሩበት ሬዲዮ አመጡ። ተራራው ላይ ረጅም አንቴና ተከሉ። ከዚያ ወዲያ መደማመጥ ቀረ። ባድሩ "መረቡ ከብዶኛል፣ አንድ ጀልባ ላኩልኝ" ሲል፣ የአውቶቡሶቹ አስተባባሪ አምሳሉ ከላይ ይመልስለታል፦

"ጀልባ የለንም ወንድሜ፤ ባለ ስድሳ ወንበር ከሆነ እንላክ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ከውሃችን ውጣ!"

"እናንተ ከመንገዳችን ውጡ! ሾፌሮቼ የቆሮሶ ዓሣ ወሬ እየሰሙ ምሳ ብቻ ነው የሚያስቡት።"

መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ስድብ መጣ፤ ስድብም ሲቆይ ዱላ ይጠራል። ስለዚህ የእኛና የአምባሰል ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀመጥን።

"አየሩ አንድ ነው ወይስ ሁለት?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አንድ ነው" አለ አምሳሉ።

"እንግዲያ ቦይ ነው በሉኛ!"

አስጋሪ በማለዳ ወጥቶ ቀትር ላይ ይመለሳል። አውቶቡስ የሚበዛው ከቀትር ወዲያ ነው። ስለዚህ እስከ ቀትሩ ሶላት እስከ ዙሁር የእኛ፣ ከዙሁር ፀሐይ እስክትጠልቅ እስከ መግሪብ የእነሱ ይሁን ብዬ ቆረጥሁ። ዱዓ ተደረገ፤ አሚንም አሜንም ተባለ። ወላሂ፣ ያን ቀን በራሴ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁ። ባድሩንም "አየር ላይም ቢሆን ተራ መስረቅ ነውር ነው" አልሁት።

መስከረም ሃያ ቀን፣ የግሸን ዋዜማ፣ ዙሁር ተሰገደ፤ ባድሩ አልተመለሰም። ነፋሱ ተነሳ። ሐይቁ ነጭ ነጭ አረፋ አወጣ። ሂዳያ ዳር ላይ ከሬዲዮኑ ፊት ተቀምጣ የምትሰማው አውቶቡስ ብቻ ነው፦ "ሰባት ቁጥር እለፍ፣ አሥራ አንድ ቁጥር ጠብቅ።"

"አባዬ፣ ጥራው" አለችኝ።

"ተራው የእነሱ ነው" አልሁ። ይህ ቃል ከአፌ ወጣ፤ አልዋሻችሁም።

ልጄ አየችኝ። "ማሳ ቢደርቅ ለከርሞ ይዘራል፣ አባዬ። ይሄ ባሌ ነው።"

ሬዲዮኑን አነሳሁና ተጫንሁት። "ባድሩ! ባድሩ!"

"ማነው ደግሞ ተራችንን የሚሰርቀው?" አለ አምሳሉ።

"እኔ ነኝ፣ አብዱልመናን። ተራ የቆረጥሁትም የሰረቅሁትም እኔ ነኝ። አማቼ ከሐይቁ አልወጣም።"

 የአምሳሉ ድምፅ ሌላ ሆነ፦ "ሾፌሮች፣ ሁላችሁም አፋችሁን ያዙ። ማንም እንዳይነካ። ጋሼ፣ ይጥሩት።"

ያ ሁሉ ሲንጫጫ የነበረ አየር ጸጥ አለ። ደግሜ ጠራሁት። በሦስተኛው ቀጭን ድምፅ መጣ።

"አባ… ከደንገሉ ወዲያ ነኝ። ጀልባዋ ተገልብጣለች፤ ሆዷን ይዣለሁ።"

ሁለት ባለ ሞተር ጀልባ ወጣ። አምሳሉ ከላይ "ተገኘ ጋሼ?" ይለኛል፤ እኔ "ገና" እለዋለሁ። እንዲህ ስንባባል ቆይተን "ተገኘ፣ አልሀምዱሊላህ!" ስል ዳገቱ ላይ የቆሙት አውቶቡሶች ጥሩምባቸውን አንድ ላይ ለቀቁት።

ባድሩ ጥርሱ እየተፋጨ ወጣ። "ሬዲዮኑ አንገትህ ላይ እያለ ለምን አልጠራህም?" አልሁት።

"ተራችን አልነበረማ፣ አባ። የአንቱ አማች ተራ ሰረቀ ይባል?"

ሂዳያን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አምሳሉ ሰላማዊት የምትባል የሬዲዮ ባለሙያ ከደሴ ይዞ መጣ። የእኛንም የእነሱንም ሬዲዮ አገላብጣ አየችና "ይህቺን ከላይ ያለችውን ጉጥ ማንም አዙሯት አያውቅም?" አለች።

"እንዳትበላሽ ብለን በፕላስተር አሰርናት" አልሁ።

"እኛም" አለ አምሳሉ አቀርቅሮ።

"አሥራ ስድስት መስመር አላት። ሁላችሁም አንደኛዋ ላይ ተፋፍጋችሁ ነው የምትጣሉት። ውሃ ወደ አንዱ ሲሄድ ለሌላው ይጎድላል፣ ጋሼ። ይሄ ግን መስመሩን ከለያችሁለት ጎን ለጎን ይሄዳል።"

"እና ቦዩ አሥራ ስድስት ነበር?"

"አሥራ ስድስት።"

አምሳሉ ሳቁ አመለጠው። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

መስመርም ቢሆን እንደ ልብ አይያዝም አለችን፤ ተጠይቆ፣ ተመዝግቦ ነው። ስለዚህ የእኛና የአምባሰል ወረዳዎች አንድ ደብዳቤ አብረው ጻፉ። ሲፈቀድ አንዱ መስመር ለሐይቁ፣ ሁለቱ ለመንገዱ ሆነ። አንዷን ደግሞ ለማንም ሳንሰጥ ባዶ ተውናት፤ በእሷ ወሬ አይወራም፤ የጨነቀው ብቻ በማንኛውም ሰዓት ይጠራባታል። አውቶቡስ ቁልቁለቱ ላይ ቢቸገር እኛ እንሰማለን፤ ሐይቁ ላይ ለሚቸገረው ከላይ እነሱ ጆሮ ይሰጣሉ።

ባድሩ መልሶ ጀልባ በገባበት ጠዋት፣ ሂዳያ የጀልባዋን ገመድ እንደያዘች ጉጧን ወደ ባዶዋ መስመር አዞረችለት።

"ጥራ" አለችው።

"ምን ሆኜ?"

"ሳትሆን ልመደው።"

የሰው ማሳ እንደሚረግጥ ሰው አፈረ። ወደ እኔ አየ፤ በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁለት።

"ባድሩ ነኝ፣ ከሐይቅ" አለ። "ምንም አልሆንሁም።"

ጥቂት ቆይቶ የአምሳሉ ድምፅ ከተራራው ወረደ። "ሰምተንሃል ባድሩ። በሰላም ግባ።"

ሂዳያ ገመዱን ለቀቀችው።