ሦስት ምት

ጂኦፊዚስቷ የተራራው ሥር ምን ያህል ወደ ታች እንደሚዘልቅ ለማወቅ፣ ከሩቅ የሚመጣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ የሚመዘግቡ አሥራ ሁለት መሣሪያዎች ተከለች። አንዱን ያኖረችው ጡረታ የወጡት ግንበኛ አባቷ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው።

"እኔ ተራራው ሥር ስኖር አርባ ዓመት ሞላኝ፤ አንቺ ሥሩን ፍለጋ ምን አንከራተተሽ?" ብለው ቀለዱባት።

"ይሄ ጆሮ ያለው ነገር ነው አባዬ፤ ኮሽታ ሳይቀር ይሰማል። አደራ፣ እንዳይነኩት!" ብላቸው ሄደች።

ከወር በኋላ መዝገቡን ስታየው ደሟ ፈላ። የአሥራ አንዱ ንጹሕ ነው፤ የአባቷ ግን በየማለዳው፣ ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሦስት ምት አለበት። ወዲያው ደወለችላቸው።

"አባዬ፣ ዕቃ ቤቱን ማነው የሚደበድበው? ሥራዬን እኮ ገደል ከተተው!"

"እኔ ነኝ፣ በከዘራዬ" አሉ ሳይደነግጡ። "ምነው፣ ደረሰሽ እንዴ?"

"ምኑ?"

"ደህና አደርሽ ወይ ማለቴ ነዋ! ለደህና አንድ፣ ለአደርሽ አንድ፣ ለወይ አንድ። አንቺ እንደሁ ስልክ አታነሺ፤ እሱ ግን ይሰማል ብለሽኝ የለ?"