ከምስማሩ የወረደው መጥበሻ

“ድመቱ” የሚሉት ከየትም ቢወድቅ በእግሩ ስለሚያርፍ ነው። ከጣሪያ ወድቋል፣ ከሚሄድ ባቡር ዘሏል። አንዴ እንዲያውም ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርድ፣ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ላይ ለቆመች ሴትዮ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የልጆቿን ጤና ጠይቆ ነው መሬት የደረሰው ይባላል። የሚለው ራሱ ነው፤ ቢሆንም ይባላል።

ይህን ሁሉ ዘመን የወደቀው ግን ፊልም ላይ በተዋናዮች ፋንታ ነው። የሌላ ሰው ኮት ለብሶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ጀርባውን ብቻ ለካሜራ ሰጥቶ። ፀጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው፣ ገና አሁን፣ አንድ የስለላ ፊልም ላይ አንድ ድብድብ ከጫፍ እስከ ጫፍ አቀናብር ተብሎ የተሰጠው። ቦታው ጠባብ ወጥ ቤት፤ ሰዎቹ ሰላዩና ሊገድለው የመጣው ሰውዬ፤ ሽጉጥ የለም፣ እጅ ለእጅ። ድመቱ ወሬውን የሰማ ቀን ሚስቱን አቅፎ አሽከርክሯት ቁምሳጥን ገጭተዋል።

ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆሽቱ እያረረ ነው።

“እንደገና!” አለች ዳይሬክተሯ።

ገዳዩን የሚጫወተው ሰውዬ ቡጢውን ሰነዘረ። ይህን ሰው “ግንቡ” ይሉታል። በር ሲገባ የሚጨነቀው በሩ ነው። ልቡ ግን ጥጥ ነው፤ ዝንብ እንኳ የሚያባርረው ይቅርታ ጠይቆ ነው። ቡጢው ወደ ኮከቡ አገጭ መጣ። ኮከቡ፣ ማለትም ሰላዩን የሚጫወተው መልከ መልካም ተዋናይ፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ አሳለፈውና ፈገግ አለ።

“አቁም!” ድመቱ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። “ወንድሜ፣ ይኼኛው ያገኝሃል አልተባባልንም?”

“ተባብለናል። ሳስበው ግን የኔ ሰላይ እንዲህ በቀላሉ የሚመታ ሰው አይደለም።”

“በቀላሉ ማን አለህ? ሰውዬውን እየው እስቲ! ከሱ ጋር ተጋጭቶ መኪና እንኳ ጋራዥ ነው የሚገባው!”

“ይቅርታ” አለ ግንቡ።

“አንተ ምን አጠፋህ? ዝም በል።” ድመቱ ወደ ኮከቡ ተጠጋ። “ስማኝ፣ የኔ ጌታ። ካልተመታህ ማን ይፈራልሃል? ተመልካቹ ገና ከመጀመሪያው ማሸነፍህን ካወቀ ስልኩን አውጥቶ ነው የሚጎረጉረው። ቁና ቁና መተንፈስ አለብህ። ጉልበትህ መክዳት አለበት። እጅህ ያገኘውን ዕቃ ይያዝ፤ ማሰሮም ይሁን ክዳን! ሰው ሊሞት ሲል ፀጉሩን አያስተካክልም!”

ኮከቡ ፀጉሩን እያስተካከለ ነበር። እጁን ቶሎ አወረደ።

“እናቴ ታየዋለች እኮ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ስመታ ካየች ታለቅሳለች።”

ድመቱ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ስለ ሰው እናት ምን ይባላል?

ዳይሬክተሯ መጥታ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። “ድመቱ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ እንሞክራለን። ካልሆነ በሩ ላይ ቆሞ በሽጉጥ ይተኩስበትና ወደ ሌላው እናልፋለን።”

“በሽጉጥ?”

“ጧ! በቃ።”

ዕድሜ ልኩን ጠብቆ ያገኛት ድብድብ ጧ ብላ ልታልቅ ነው።

ነገሩን ያባሰው ደግሞ ወጥ ቤቱ የአማቱ መሆኑ ነው። ዳይሬክተሯ ጠባብ ወጥ ቤት ስትፈልግ፣ ማንም ሳይጠይቀው “እኔ አውቃለሁ!” ብሎ የዘለለው እሱ ነው። አማቱ ዕቃ አክባሪ ናቸው። እሳቸው ቤት ማንኪያ እንኳ ከመደቡ ውጪ አያድርም፤ መጥበሻው የራሱ ምስማር አለው፣ ቢላዋው የራሱ ጥግ አለው። የፈቀዱትም፣ “ከዕቃዬ አንዱ ቢጫር አንተን ነው የምጭርህ” ብለው ነው። ልጃቸውን ሊያገባ የመጣ ቀን ሥራው ምን እንደሆነ ቢጠይቁት “መውደቅ ነው” ብሎ ከመለሰላቸው ወዲህ በበጎ ዓይን አይተውት አያውቁም።

ስለዚህ ድመቱ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት መጥበሻውንም፣ ጭልፋውንም፣ ቢላዋውንም ከጎማ አስመስሎ ሠራቸው። የመጥበሻውን ቂጥ ጥላሸት ሳይቀር ቀባ። እውነተኞቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አማቱ አልጋ ሥር ደበቀ፤ የጎማዎቹን በየቦታቸው አኖረ። ሥራው ከማማሩ የተነሳ የጎረቤት ድመት መጥታ የጎማውን መጥበሻ ልሳለች፤ ይህን የነገረን አሁንም ራሱ ነው።

ከምሳ ተመለሱ። ካሜራው ተነሳ።

“ጀምሩ!”

ግንቡ ኮከቡን ገፋው። ኮከቡ ገፋውና ፈገግ አለ። ድመቱ ጥርሱን ነከሰ። ግንቡ በልምምዱ መሠረት እጁን ወደ ምስማሩ ሰደደ፤ መጥበሻውን ነቀለ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የግራ መጋባት ነገር ታየ፤ ክንዱ ግን ጉዞ ጀምሯል።

ጓ!

ጎማ “ጓ” አይልም።

ኮከቡ ትከሻውን ይዞ እሪ አለ። ጩኸቱ መንገድ ላይ ያሉ መኪኖችን በሙሉ ፍሬን አስያዘ። ከዚያማ ሰላይነቱ ጠፋ፣ ውበቱ ጠፋ። እንባውና ንፍጡ ተደባልቆ ግንቡ ላይ ተጠመጠመ። እጅጌውን ነከሰው። መጋረጃውን ከነብረቱ ገነጠለው። በወደቀ ሽንኩርት ተንሸራቶ በጉልበቱ ሄደ፤ ተነሳ፤ ቁና ቁና እየተነፈሰ ማምለጫ ፍለጋ ዓይኑን አቁለጨለጨ። ፀጉሩ አንድ ዓይኑን ጋርዶታል፤ ትዝም አላለው።

ድመቱ በእግሩ ጥፍር ቆመ። ይኼ ነው! ከጠዋት ጀምሮ የለመነው ይኼው ነው! ዳይሬክተሯ ለካሜራማኑ በእጇ ‘ቀጥል፣ ቀጥል’ አለችው። ድመቱ “አቁም” ማለት ሲገባው፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለውና፣ እሱም በልቡ ‘ቀጥል’ አለ።

ያኔ የኮከቡ እጅ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያለውን ቢላዋ ያዘ።

መጥበሻው እውነተኛ ከሆነ፣ ቢላዋውስ?

ድመቱ ከካሜራው ጀርባ እስከ ጠረጴዛው ያለውን ወለል በእግሩ አልነካውም። የኮከቡን የእጅ አንጓ ያዘ፣ ጠመዘዘ፣ ቢላዋው ወለሉ ላይ ወድቆ አቃጨለ፤ ሦስቱም ተያይዘው ወረዱ። ከላይ ግንቡ፣ ከመሃል ኮከቡ፣ ከታች ድመቱ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባው ወደቀ።

“ይቅርታ” አለ ግንቡ ከላይ።

አማቱ በሩ ላይ ቆመዋል።

“እማማ!” አለ ድመቱ ከሥር እያቃሰተ። “ዕቃውን ማን ነካው?”

“ማን ይነካዋል? እኔ ነኝ! ጫማዬን ልፈልግ ጎንበስ ብል መጥበሻዬ ከነቢላዋዬ አልጋ ሥር ተኝቷል። ታሞ ነው? አንስቼ ቦታው መለስኩት። ያንን የልጆች መጫወቻ ደግሞ በረንዳ ላይ ጣልኩት። መጋረጃዬ ምን ሆኖ ነው?”

ዳይሬክተሯ ለካሜራማኑ፣ “ይዘኸዋል?” አለችው።

“አንድም አላመለጠኝ።”

ኮከቡ ትከሻው ላይ በረዶ ይዞ የተቀረጸውን አየ። ግማሽ ፊቱ ላይ ሽንኩርት ተለጥፏል። “እኔ ነኝ ይኼ?” አለ። “ስፈራ እንዲህ አምራለሁ?”

“እናትህስ?” አለ ድመቱ።

“ታልቅስ!”

ዳይሬክተሯ እጇን አጨበጨበች። “ሽጉጡ ቀረ። ከመጥበሻው ጀምሮ እንድገማት። ድመቱ፣ አንተ መጨረሻው ላይ ስለገባህበት አይሆንም፤ ጀርባህ ይታያል።”

“ጀርባዬ” አለ ድመቱ። “ደግሞ ጀርባዬ!”

“በእውነተኛው መጥበሻ እናድርገው!” አለ ኮከቡ ዓይኑ እያበራ። “አሁን ገብቶኛል!”

“እኔ ሰው አልመታም” አለ ግንቡ፤ ጥግ ይዞ እያለቀሰ ነበር። “ከእንግዲህ አልመታም። ወደ ቤቴ ልሂድ።”

ድመቱ እርር ድብን አለ። ጠዋት አልመታም ባይ፣ አሁን ምታኝ ባይ፤ ደጉ መቺ ደግሞ መነኩሴ ልሁን ይላል! “በጎማው ነው!” ብሎ ጮኸ። “ሁላችሁም በጎማው! ተመልካቹ ይመመው እንጂ አንድም ሰው እዚህ ቤት አያመውም! ይኼን ማድረግ ካልቻልን እኔ ምን እሠራለሁ? ለመደባደብማ ማንም ይደባደባል!”

ግንቡ አፍንጫውን ጠረገና በረንዳ ሄዶ የጎማውን መጥበሻ አመጣ።

ደገሙት። ጎማው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ድምፅ አልነበረውም፤ ኮከቡ ግን እንደዚያው ተጨማደደ፣ እንደዚያው በጉልበቱ ሄደ። የት እንደሚያም አሁን ያውቃል። ፀጉሩን አልነካም። ካሜራማኑ ራሱ ሳይታወቀው “ወይኔ!” አለ።

አማቱ እጃቸውን አጣጥፈው እስከ መጨረሻው አዩ።

“አንተ ልጅ” አሉ ቀስ ብለው። “ሥራህ ማገላገል ነው እንዴ?”

ድመቱ ወገቡን ይዞ አሰበበት። “እንደዚያ ነገር ነው፣ እማማ።”

“ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ምን መውደቅ መውደቅ ትለኛለህ?” እውነተኛውን መጥበሻ ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት። ጠርዙ ጎብጧል። “ይኼን ደግሞ አንተ ነህ የምታቃናው። ከመጋረጃው በፊት።”

ዳይሬክተሯ ለማንኛውም አንዴ ትደገም አለች። ድመቱ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየዞረ ጎማ ይሁን እውነተኛ ለመለየት እያንዳንዱን በጣቱ ማንኳኳት ጀመረ። አማቱም ከኋላው እየተከተሉ የነካውን ሁሉ ወደ ቦታው ይመልሳሉ።

“እማማ፣ በፈጠረዎት!”