ሞርሳ የነከሳት ሳንቲም

የሳንቲም መርማሪው የሰው ቃል አያምንም። የሚስቱ ታናሽ ወንድም በወረቀት የጠቀለላትን ሳንቲም ሲያቀብለው እንኳ መጀመሪያ ያየው ሳንቲሟን ሳይሆን የአማቹን ዓይን ነው።

«ጋሼ፣ ጽሑፏ ድርብ ነው። ከፋብሪካ በስህተት የወጣች ትሆን?»

መርማሪው አጉሊ መነጽሩን ደቀነና ፈገግ አለ፤ ያውም በንቀት።

«ማንን ልታሞኝ ነው? ፋብሪካ ሁለቴ መትቷት ቢሆን ሁለቱም ጽሑፍ ከፍ ብሎ በቀጥታ ይነበብ ነበር። ይኸኛው ግን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ደግሞም እንደ መስታወት ምስል የተገለበጠ ነው። ሌላ ሳንቲም ደርበውባት ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ጨፍልቀዋታል። የአጭበርባሪ ሥራ ነው፤ አጭበርባሪውም ጀማሪ! ከየት አመጣሃት?»

«ከእህቴ ሳጥን።»

መርማሪው አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አነሳ።

«ያኔ ስትተጫጩ ‹በዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት፣ እንዳንቺው› ብለህ የሰጠሃት።»

ረስቷት ነበር። ዓይኑ ሳያስበው ከጠረጴዛው ጥግ ወደታሰረው፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ አብሮት ወደኖረው ሞርሳ ሄደ።

«እሷ... ታውቅ ነበር?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ትጠረጥር ነበር» አለ አማቹ፣ ሳንቲሟን መልሶ እየጠቀለለ። «ከራሱ አፍ ስማልኝ ብላ ነው የላከችኝ።»